«ዳርሞክ»፦ ጥቅስና ታሪኩ

በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል «ዳርሞክ» የጥቅስን ባሕርይ በሚገባ ያሳያል። ታማሪያን የተባሉት የሌላ ዓለም ፍጡራን የሚነጋገሩት ከተረቶቻቸው በተወሰዱ ሐረጎች ነው። «ሻካ፣ ግድግዳዎቹ ሲወድቁ» ሲሉ ክሽፈትን ማመልከታቸው ነው፤ የመተርጎሚያው መሣሪያ ግን ቃሉን እንጂ ታሪኩን አያውቅም። በእኛ አነጋገር ሰሙ ተገልጾ ወርቁ ይሰወራል። ፖል ዊንፊልድ የታማሪያኑን አዛዥ ዳተንን ሲጫወት፣ ፊቱ በከባድ ሜካፕ ተሸፍኖ ሳለ፣ ስሜቱን የሚያስጨብጠን በድምፁና በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ጸሐፊው ጆ ሜኖስኪ ልጆቻቸው ተረቱን በምን ቋንቋ እንደሚማሩ አለማሳየቱ ጉድለት ነው። ቢሆንም ዳተን ከሞተ በኋላ «ፒካርድና ዳተን በኤል-አድሬል» የሚል አዲስ ሐረግ ሲወለድ ያለ አስተርጓሚ እንረዳዋለን፤ ሁለቱ አዛዦች በዚያች ፕላኔት አብረው አውሬውን ሲገጥሙ አይተናልና። ጥቅስን የሚያቆየው ከበስተጀርባው ያለው ታሪክ ነው፤ ታሪኩን ያልወረሰ ትውልድ የሚቀርለት ቃሉ ብቻ ነው።