አልኮል ያልሆነው ጠላ

ሐይቅ ከተማ ከአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ከተቀመጡ አዛውንት ጋር ስንጨዋወት «አባባ፣ አልኮል ይጠጣሉ?» አልኳቸው። ጣሳቸውን እንደያዙ «እኔ? አልኮልስ ነክቼም አላውቅ!» አሉኝ። አልዋሹም። ለእሳቸው አልኮል ማለት በጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣው፣ አለዚያም መርፌ ሲወጉ ክንዳቸው የሚታሽበት ነው።

እኔ የምወቅሰው ቃሉን ነው። «አልኮል» ከዐረብኛ ተነሥቶ በአውሮፓ ዞሮ የደረሰን ቃል ነው፤ የጎረቤት አምባሰል ቆነጃጅት ከሚኳሉት ኩል ጋርም የሥጋ ዘመድ ነው። ብዙ አገር ዞሮ ሲመለስ ግን ዘመዶቹ አላወቁትም። የጤና መጠይቅ ይህንኑ ቃል እንዳለ ሲያቀርብ፣ ጠላ ጠጪው «አይጠጣም» ተብሎ ይመዘገባል።

«በመጠኑ ይጠጡ» የሚለው ምክርም ከዚህ አይሻልም። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ «አንድ መጠጥ» የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። ይህ በጣሳ ስንት ነው? በብርሌስ? አገሩ የአረቄ ብርጭቆውን ራሱን «መለኪያ» ብሎ ሰይሞ ሳለ፣ መጠኑን በግራም መንገር ምን ይሉታል?

ሐኪሙ «በቀን ስንት ጣሳ ጠላ፣ ስንት መለኪያ አረቄ?» ብሎ ይጠይቅ። ጉበት እንደሆነ የጠላውን አልኮል ከውስኪው አይለይም። አዛውንቱም ያን ጊዜ ሐቁን ይነግሩታል።