ደላላው አባወራና ወዳጆቹ

ልብ ወለድ የሚጠላ ሰው ልብ ወለድ ሲጽፍ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሰውየው ሆላንዳዊ ነው፤ ስሙ ባታቩስ ድሮግስቶፐል ይባላል፤ ዕድሜው 43፣ ሥራው የቡና ድለላ፣ አድራሻው አምስተርዳም፣ ላውሪየርግራክት በሚባለው ቦይ ዳር፣ የቤት ቁጥር 37። አድራሻውን እኔ ፈልጌ አላጠናሁትም። ለገበያው ይጠቅመው እንደሆነ ብሎ እሱ ራሱ ደጋግሞ ስለሚነግረን ነው። የአንዲት ሚስት ባል፣ የፍሪትስና የማሪ አባት፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ዕዳ የሌለበት፣ ጎረቤት የሚያከብረው ሰው ነው። እኛ ሠፈር ቢሆን ኖሮ የዕድር ዳኛ አድርገን የምንመርጠው ዓይነት አባወራ።

ድሮግስቶፐል በሥጋ ኖሮ አያውቅም። የፈጠረው ኤድዋርድ ዳውስ ዴከር የተባለ፣ ከሥራው ለቆ ኪሱ የነጠፈ የቅኝ ግዛት ሹም ነው። ዴከር በብራስልስ በአንድ ርካሽ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ፣ በ1859 መኸር መጽሐፉን በአንድ ወር ገደማ ጽፎ ጨረሰው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ1860 ሲወጣ «ማክስ ሃቬላር፣ ወይም የኔዘርላንድ የንግድ ማኅበር የቡና ጨረታዎች» የሚል ርእስ ነበረው። ደራሲው የብዕር ስሙን ከላቲን ወስዶ ሙልታቱሊ አለ፤ «ብዙ ተሸከምኩ» እንደማለት ነው። በ2002 የኔዘርላንድ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር አባላት ከቋንቋቸው ሥራዎች ሁሉ አንደኛ አድርገው የመረጡት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሃቬላር ነው፤ ስለ ጃቫ ገበሬዎች ሲል እንጀራውን ስላጣው ቅን ሹም። ደላላው በጨዋታ ማሳመሪያነት ተነሥቶ ይታለፋል። እኔም መጀመሪያ በወጣትነቴ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሳነበው የደላላውን ምዕራፎች እየሳቅኩ በጥድፊያ አልፌአቸው ነበር። ዘንድሮ እንደገና ሳነበው ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። የጀግናው ምዕራፎች አርጅተዋል፤ ደላላው አላረጀም።

የመጽሐፉ አነሣስ እንዲህ ነው። ድሮግስቶፐል አንድ የብርድ ቀን በመንገድ ላይ የቀድሞ ትምህርት ቤት ጓደኛውን ያገኛል። ሰውየው ካፖርት የለውም፤ በካፖርት ፈንታ ሻል ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ደላላውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙን ትቶ «ባለሻሉ» ይለዋል። አንድ ሰው በጎደለው ልብስ ስም ሲወጣለት ማየት ያሳቅቃል፤ ደግሞም የምናውቀው ነገር ነው።

ይህ ባለሻል ማን ነበር? ልጆች ሳሉ ድሮግስቶፐል በገበያ ላይ በአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ድንኳን ሲጎማለል ግሪኩ አንገቱን ያንቀዋል። ዘሎ ገብቶ ያስጣለው ይኸው ልጅ ነው። ግሪኩ ንዴቱን በአዳኙ ላይ ሲወጣ ድሮግስቶፐል የት ነበር? ሮጦ ሄዷል። ምክንያቱንም በኩራት ያስረዳናል፤ በማያገባኝ ነገር አልገባም የሚል መመሪያ ስላለው ነው። ዛሬ ያው አዳኝ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ለጽሑፎቹ ማሳተሚያ ዋስ ሁነኝ ብሎ የወረቀት ጥቅል ይልክለታል። በጥቅሉ ውስጥ ስለ ሳንስክሪት ቋንቋ፣ ስለ መኳንንት አመጣጥ፣ ስለ ጃቫ ቡና ዋጋ፣ ስለ ምኑም ስለ ምኑም የተጻፈ ክምር አለ። ደላላው የቡናውን ሲያይ ዓይኑ ይበራል። መጽሐፍ ሊያወጣ ይወስናል።

ግን ማን ይጻፈው? እዚህ ላይ ወዳጆቹ ይመጣሉ። ወዳጅ ስል እንግዲህ በእሱ ሚዛን ነው። ሽተርን የሚባል ጀርመናዊ ወጣት አለ፤ የሐምቡርግ ቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ድሮግስቶፐል በቤቱ ያስቀመጠው የሰው ፍቅር አሸንፎት ሳይሆን የአባትየው ደንበኝነት ቡሰሊንክና ዋተርማን ወደተባሉት ተፎካካሪዎቹ እንዳይሄድበት ነው። ስኳር ነጋዴዎቹ የሮዘማየር ቤተሰቦች አሉ። ጽሑፉ በእነሱ ዘንድ ሲነበብ የሰሚው ልብ ይነካል፤ ደላላውን ግን የሚያበሳጨው ቡናው እስካሁን አለመምጣቱ ነው። ዋቬላር የሚባል ሰባኪም አለ። ወጣቱ ሽተርን ከጥቅሉ እየቀዳ የሃቬላርን ታሪክ ይጽፋል፤ ደላላው ደግሞ መጽሐፉ ቁም ነገር እንዲኖረው እያለ በየመሐሉ የራሱን ምዕራፍ ያስገባል። አንባቢው ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገባዋል፤ ሽተርን የሚጽፍለት ክቡር ሹምና በብርድ የሚንከራተተው ባለሻል አንድ ሰው ናቸው። ድሮግስቶፐል ግን ያንን ሰው ማዘን ሳይጀምር መጽሐፉ ያልቃል።

ስለ ሥነ ጽሑፍ ያለውን አስተያየት ላጫውታችሁ። ግጥም ውሸት ነው ይላል፤ ቤት ለመምታት ሲባል ሰዓቱ ሳይሆን ሰዓት፣ አየሩ ሳይሆን አየር ይጠራልና። ቴያትርም እንደዚያው፤ መድረክ ላይ ደግ ሰው ይሸለማል፤ በዓለም ግን አይሸለምም። ለዚህ ማስረጃ አድርጎ ሉካስን ይጠቅሳል። ሉካስ የድርጅቱ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። በእሱ ዘመን አንዲት ፍሬ ቡና አልጎደለችም፤ አይጠጣም፤ ባለቤቶቹ ሲርቁ ቤቱንና ካዝናውን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ባንክ ቤት በስሕተት ትርፍ ገንዘብ ቢሰጠው ወስዶ መልሷል። ዛሬ አርጅቶ፣ ሪህ ይዞት ቤት ውሏል፤ ምንም የለውም፤ ሥራው ስለበዛ ወጣት ያስፈልጋልና። ደላላው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከቆጠረ በኋላ የሚደርስበት መደምደሚያ እንዲህ የሚል ነው፤ ለደግነት ዋጋ ቢከፈልማ ኖሮ የመጋዘን ሠራተኛ ሁሉ ደግ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ሳነበው በዚህ ቦታ የሳቅኩ ይመስለኛል። አሁን ለምን እንዳልሳቅኩ ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሳለሁ አንድ ሸምገል ያሉ ተላላኪ ነበሩ። ደብዳቤ ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ ከሁላችንም በፊት ገብተው በር ይከፍታሉ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ደረጃ መውጣት አቃታቸው። አለቆቼ አስተያየት ሲጠይቁኝ «ሥራው በመብዛቱ በወጣት ቢተኩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። እውነት ነበር፤ ሥራው በዝቶ ነበር። ሰውየው ሲሰናበቱ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብለውኝ ሄዱ። እንግዲህ ያንን የሉካስን ገጽ ዘንድሮ ስደርስበት የደላላውን ቃል በራሴ የእጅ ጽሑፍ አነበብኩት።

የሙልታቱሊ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ድሮግስቶፐል ሰው አይመታም፣ አይሰርቅም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንኳ አይናገርም። የሚለው ሁሉ እውነትና ጤናማ አእምሮ ነው። ክፋቱ ያለው ከእውነቶቹ መካከል የትኛውን እንደሚያነሣና የት ላይ እንደሚያቆም ነው። ሰባኪው ዋቬላር የጃቫ ሰዎች በሥራ ወደ እግዚአብሔር እንዲቀርቡ ሲሰብክ፣ ደላላው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሒሳብ ይሠራል፤ ሥራው ቡና፣ ቡናው ጨረታ፣ ጨረታው በረከት። ኔዘርላንድ ባለጸጋ የሆነችው አማኝ ስለሆነች ነው ብሎም ያርፋል።

ሒሳቡ ከየት እንደመጣ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ከ1830 ጀምሮ በጃቫ በተዘረጋው የግዴታ እርሻ ሥርዓት ገበሬው ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን መንግሥት ለሚፈልገው የኤክስፖርት ሰብል እንዲያውል ይታዘዝ ነበር፤ በተግባር ግን ጫናው ከዚህ ያለፈባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። በ1850ዎቹ ከኔዘርላንድ መንግሥት ገቢ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚመጣው ከዚህ ነበር። የባቡር ሐዲዱ፣ የዕዳው ክፍያ፣ የድሮግስቶፐል ሙቅ ሳሎን ሁሉ ከዚያ ነው። ዛፉ ራሱ ከእኛው ደን የወጣ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን ያለውን ዘር ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጃቫ ላይ ተከሉት፤ በ1706 ደግሞ ከጃቫ አንድ ችግኝ አምስተርዳም የዕፀዋት ቦታ ደረሰ። ደላላው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም አድራሻውን አይለውጥም።

ወደ ጀግናው ልመለስና የማልወደውንም ልበል። ዴከር በጥር 1856 በምዕራብ ጃቫ ለባክ በተባለው አውራጃ ረዳት አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ፤ የአገሬው መስፍን ሕዝቡን ያለ ክፍያ ያሠራል፣ የገበሬ ጎሽ ይነጥቃል ብሎ ከሰሰ፤ የበላዮቹ አልደግፍ ሲሉት በሦስት ወር ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ሃቬላር የዚህ ጥላ ነው። መጽሐፉ ግን በጣም ያፈቅረዋል። እራት ጠረጴዛ ላይ ስለ ራሱ የሚያወራባቸው ገጾች አያልቁም፤ ሚስቱ ቲነ እሱን ከማድነቅ በቀር ሥራ የላትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሃቬላር የሚፈልገው ጃቫ ነጻ እንድትወጣ ሳይሆን በደንብ እንድትገዛ መሆኑ ነው። አቤቱታው የሚያልቀው በንጉሥ ቪለም ሦስተኛ እግር ሥር ነው።

በእነዚህ ምዕራፎች መካከል አንድ ዕንቁ አለ፤ የሳይጃና የአዲንዳ ታሪክ። የሳይጃ አባት የሚያርስበትን ጎሽ የወረዳው ሹም ይወስድበታል፤ የአባቶቹን ጩቤ ሸጦ ሌላ ይገዛል፤ ያም ይወሰዳል። አንደኛው ጎሽ ልጁን ከነብር ያዳነ ነበር። ሳይጃ አድጎ ገንዘብ ሊያጠራቅም ባታቪያ ይወርዳል፤ አዲንዳ በየወሩ አዲስ ጨረቃ ስትወጣ በሩዝ መውቀጫዋ ላይ አንድ ምልክት እየቆረጠች ሦስት ዓመት ትጠብቀዋለች። ሲመለስ ቤቷ የለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ፍቅረኞችን የሚለያየው ግብርና ሹመት ሲሆን ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ አይጠፋውም። ተራኪው ግን ወዲያው አንድ እንግዳ ነገር ያደርጋል፤ ሳይጃ የሚባል ሰው መኖሩን አላውቅም፣ ጎሾች መዘረፋቸውን ግን አውቃለሁ ይለናል። እንባችንን ካፈሰሰ በኋላ ወደ መዝገቡ ይጎትተናል። ድሮግስቶፐል በበኩሉ ጡረታ ወጥቶ በምቾት የሚኖር የጃቫ ሹም ዘንድ ሄዶ ያጣራል። ሰውየው የጃቫ ገበሬ ደስተኛ ነው፣ ለእኔ አቤት ያለ የለም ይለዋል። ደላላው ረክቶ ይመለሳል።

በ1987 ሮብ ኒውንሃይስ የተባለ፣ ጃቫ ተወልዶ ያደገ ሆላንዳዊ ጸሐፊ ዴከር የአገሬውን ልማድ አልተረዳም፣ ለመስፍን ማገልገል የቆየ ሥርዓት ነበር ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ዴከር ሦስት ወር በቆየበት አገር የሁሉን ልብ አውቃለሁ ማለቱ ትዕቢት ነበረበት። ይሁን እንጂ ጎሹን የተነጠቀው ገበሬ ልማዱ ስለሆነ አልከፋውም የሚለውን ለመቀበል ገበሬውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ገበሬውን የጠየቀ የለም፤ ሃቬላርም ቢሆን በሌሊት ተደብቀው የሚመጡትን ሰማ እንጂ መጽሐፉ ቃላቸውን እምብዛም አይሰጠንም። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል።

መጨረሻው ላይ ሙልታቱሊ ራሱ ብዕሩን ይነጥቃል። ሽተርንን አመስግኖ ያሰናብታል፤ ድሮግስቶፐልን ግን በቡናው ታንቆ ከፊቱ እንዲጠፋ ያዘዋል። አንባቢው ያጨበጭባል። እኔ ግን ይህ ጭብጨባ ያጠራጥረኛል። ደላላው በቁጣ አይጠፋም። እንዲያውም መጽሐፉ ገና ከመታተሙ በእጁ ገብቶ ነበር። የሕግ ሰውና ደራሲ የሆነው ያኮብ ፋን ሌኔፕ ላሳትምልህ ብሎ ተቀብሎ የቦታዎቹን ስም በነጥብ ተካ፣ የባለቤትነት መብቱን በስሙ አዞረ፣ ዋጋውንም ተራ ሰው እንዳይደርስበት ሰቀለው። ዴከር ከሶ ተረታ። ሀብታሞቹ አንባቢዎች አጻጻፉን አደነቁ፤ እሱም የጮኽኩትን ትታችሁ ድምፄን አመሰገናችሁ እያለ ሲማረር ኖሮ በ1887 በጀርመን አገር ሞተ። የግዴታ እርሻው ከ1870 ወዲህ እየተነሣ ቢሄድም ቦታውን የወረሱት የግል ባለ እርሻዎች ናቸው።

ያም ሆኖ መጽሐፉ ያልታሰበለት ቦታ ደርሷል። ፕራሙድያ አናንታ ቱር በ1999 በጻፈው መጣጥፍ ቅኝ ግዛትን የገደለ መጽሐፍ ብሎታል፤ ለባክ ውስጥ በራንግካስቢቱንግ ከተማም በ2018 በሙልታቱሊ ስም ሙዚየም ተከፍቷል። በ1988 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ለሚከፈልበት ቡና መለያ የሚሆን «ማክስ ሃቬላር» የሚል ምልክት ወጣ። መለያው በስሙ የተጠራለት ሹም የተጣላበት ለባክ ግን የቡና አገር አልነበረም፤ ደላላው ራሱ በዚህ ነው አብዝቶ ያማረረው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ መጽሐፉን ሊዋሰኝ መጣ። ወፍራም ነውና «የቱን ልዝለል?» አለኝ። የእራቱን ወሬ ዝለል፣ የፓዳንጉንም ከፈለግህ ዝለል አልኩት። ሉካስ ያለበትን ገጽ አጥፌ ነበርና ሳልዘረጋው ሰጠሁት።