የመውደቅ አንቀጽ

የአንድ ዌክቦርድ ውድድር ደንብ እጄ ሲገባ አስቀድሜ የምፈልገው ስለ መውደቅ የተጻፈውን አንቀጽ ነው። ስለ ነጥብ አሰጣጥ የሚናገሩት ገጾች ብዙ ናቸው፤ ተወዳዳሪው ውሃው ላይ ምን ያህል እንደሚደፍር ግን የሚወስነው ያ አጭር አንቀጽ መሆኑን ዳኝነቱ አስተምሮኛል።

ስፖርቱን ላላየ አንባቢ፦ ተወዳዳሪው ሁለት እግሩን አንድ ቦርድ ላይ አስሮ በጎኑ ይቆማል፤ ፈጣን ጀልባ በገመድ ይጎትተዋል። ጀልባው ከኋላው በሚያስነሳው ሞገድ ላይ ተወንጭፎ ይዘላል፣ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ይገለበጣል። መስመሩ በተንሳፋፊ ምልክቶች የተከለለ ነው፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ ያልፍበታል። ከምልክቶቹ ውጭ የተሠራ ዝላይ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ አይቆጠርም። ፍጥነቱንና የገመዱን ርዝመት ተወዳዳሪው ራሱ ይመርጣል። የሞገዱ ቅርጽ የሚመጣው ከጀልባው አካልና ከተጫነበት ክብደት ስለሆነ ጀልባው ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። የነጂውም ሥራ ከዳኝነት አያንስም፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ተጣድፎ ከዞረ የገዛ ሞገዱ ተመልሶ ውሃውን ይበጠብጠዋል፤ የሚቀጥለው ዝላይም አብሮ ይበላሻል።

ነጥብ የምንሰጠው በሦስት ነገር ነው፦ በአፈጻጸም፣ በኃይልና በቅንብር። ንጹሕ አወራረድና ከፍታ ለማንም ይታያሉ። ዓይን የሚያመልጠው ቅንብር ነው። ተወዳዳሪው የሚነሣው በተረከዙ በኩል ብቻ ነው ወይስ በጣቱም በኩል? ግራውንም ቀኙንም እግሩን ፊት አድርጎ መሄድ ይችላል? ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሽከረከራል? በለመደው ጎን ብቻ ግሩም ዝላዮችን የደረደረ ሰው ጭብጨባውን ይወስዳል፤ እኔ ግን ያየሁት የችሎታውን ግማሽ ነው። ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ እየዘለለ ሁሉንም አቅጣጫ ያሳየውን ሳስቀድም ተመልካቹ ያጉረመርማል። ያጉረምርም፤ ዳኛ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ወደ መውደቁ ልመለስ። በጀልባ ውድድር የወደቀውን ጀልባው ዞሮ ያነሣዋል። ያልተሳካው ዝላይ አይያዝለትም፤ ደንቡ የፈቀደለት የመውደቅ ቁጥር እስኪያልቅ ግን ይቀጥላል። ተወዳዳሪውን ያለ ጀልባ በሚጎትተው ትልቁ ኬብል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ብሩኖ ሪክስን የፈለሰፈው ይህ መሣሪያ በምሰሶዎች ላይ የተዘረጋውን ገመድ በሐይቁ ዙሪያ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳያቋርጥ ያዞረዋል። ሞገድ ስለሌለ ተወዳዳሪው ገመዱ ሽቅብ ሲስበው ይነሣል፤ ወይም ውሃው ላይ በተተከሉ መዝለያዎችና መንሸራተቻዎች ይጠቀማል። እጀታው ካመለጠው ጥሎት ይሄዳል፤ ዋኝቶ ዳር መውጣት ነው። ስለዚህ እዚህ መውደቅ የዙሩ ማብቂያ ነው። ይህን ሕግ ከኮሚቴው በፊት መሣሪያው ራሱ ጽፎታል።

መውደቅ ዙሩን የሚጨርስ ሲሆን ብልህ ተወዳዳሪ አስተማማኙን አስቀድሞ ከባዱን ለመጨረሻ ያቆያል። የመጀመሪያዎቹ ዝላዮች ሲቀዘቅዙ ሰው «ፈራ» ይላል። አልፈራም፤ ነጥብ እያጠራቀመ ነው። ሁለት ዙር ተሰጥቶት የተሻለው ብቻ የሚያዝለት ከሆነ ግን በሁለተኛው ዙር ያው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። የሚያስተማምን ነጥብ አስቀምጧልና በልምምድ እንኳ አንዴ ሲሳካለት አንዴ ሲከሽፍበት የነበረውን ዝላይ ያወጣዋል። እኔ የምደግፈው ይህን አሠራር ነው። ብዙ መውደቅ ይታይበታል፣ እውነት ነው፤ ተመልካች ከቤቱ ወጥቶ የመጣው ግን ያንን ሙከራ ለማየት ነው። በማጣሪያ የቀሩት እንደገና የሚወዳደሩበት የመጨረሻ ዕድል ዙርም እንዲቀር አልፈልግም፤ አንድ ክፉ ነፋስ የዓመት ልፋት እንዳይበላ ይጠብቃል።

ዌክቦርድ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን አኪታ ወርልድ ጌምስ ላይ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለ2020 ኦሊምፒክ ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ ነበር፤ አልተመረጠም። እንግዳ ተመልካች እንዲወደው የምንፈልግ ከሆነ ተወዳዳሪው ከምን ጋር እየታገለ እንዳለ ልናሳየው ይገባል። አዘጋጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስንት መውደቅ እንደቀረው ከነጥቡ ጎን ውጤት ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።