ገድልን በአማካሪ ሥር ስለ መተርጐም

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የጥንት ጽሑፍን የሚያጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቂያው ከሚመርጣቸው ሥራዎች አንዱ ያልታተመ ገድልን አርሞ መተርጐም ነው። ሥራው የታወቀ ሥርዐት አለው፤ የብራናው ቅጂዎች ይፈለጋሉ፥ እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ፥ የግእዙ ንባብ ይወሰናል፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ማብራሪያ ይጨመርበታል። በየደብሩ ዕቃ ቤት ተዘግተው ይኖሩ የነበሩ ጽሑፎች በዚህ መንገድ ለአንባቢ መድረሳቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ለንባቡ እርማት የሚደረገውን ያህል ጥንቃቄ ለትርጕሙ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይታይም። ምክንያቱ የተማሪው የእንግሊዝኛ ዕውቀት ማነስ ነው ሲባል ይሰማል፤ ይህ ግን የነገሩ ላይኛው ቅርፊት ነው።

«ጨዋ» የሚለውን ቃል ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ ጨዋ የሚባለው በየአገሩ የተተከለ የንጉሥ ጭፍራ ነው። በዛሬው ዐማርኛ ጨዋ ማለት አስተዳደጉ ያማረ፥ ምግባሩ የታረመ ሰው ነው፤ በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ደግሞ ትምህርት የሌለው ምእመን ጨዋ ይባላል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተጻፈ ገድል ጨዋዎች ወደ ገዳሙ እንደ መጡ ቢተርክ፥ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት የወጣው ተማሪ ደግ እንግዶችን፥ ከቅኔ ቤት የወጣው ያልተማሩ ሰዎችን ሊያይ ይችላል፤ የመጣው ግን ወታደር ነው። አሳሳቹም ነገር ሦስቱም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ያለ እንከን መነበባቸው ነው። አማካሪው እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያርም ከሆነ፥ ስሕተቱ የሰዋስው ስሕተት ስላልሆነ ቀይ ቀለም አይነካውም።

«ጕልት»ም እንዲሁ ነው። ቃሉ በአውሮፓ የመሳፍንት ሕግ ስም ሲተካ፥ ግብር የመቀበል መብት የሆነው ጕልት በትውልድ ከሚወረሰው ርስት ጋራ ይደባለቃል፤ ታሪክ ጸሐፊውም ይህን ትርጕም አምኖ ስለ መሬት ሥሪት ይጽፍበታል። የተርጓሚው ስሕተት በዚህ ጊዜ የተርጓሚው ብቻ መሆኑ ይቀራል።

በአማካሪ ሥር መተርጐም ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በትርጓሜ ቤት ተማሪው ግእዙን ያነባል፥ መምህሩ በዐማርኛ ይተረጕማሉ፥ ተማሪውም የሰማውን ከባልንጀሮቹ ጋራ እየደጋገመ ያጠናዋል። አንድ ቃል ሁለት ሦስት ፍቺ ቢኖረው «አንድም» እየተባለ ሁሉም ይነገራል እንጂ አንዱ ተመርጦ ሌላው አይጣልም። የመመረቂያው ጽሑፍ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ የሚያስነቅፈው የተጣለው ፍቺ በግርጌ ማስታወሻ እንኳ ሳይጠቀስ መቅረቱ ነው። (የአንድምታ መምህራን ዓላማ ሃይማኖትን ማስተማር ስለሆነ፥ የቅጂዎችን ዕድሜና ዝምድና ከእነርሱ መጠበቅ አይገባም። ይህ የአማካሪው ድርሻ ነው።)

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ተማሪው በአስቸጋሪ ስፍራ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ መሪጌታ ወይም ወደ አንድ የመጻሕፍት መምህር ይሄዳል፤ ፍቺውንም ከእርሳቸው ይቀበላል። በጽሑፉ ላይ ግን የእኚህ ሰው ድርሻ ምስጋና በሚቀርብበት ገጽ በአንድ መስመር ያልፋል፤ የትኛውን ቃል እንደ ፈቱ አንባቢው ማወቅ አይችልም። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ስለ ሠርግ ወይም ስለ ለቅሶ የነገረውን ሽማግሌ ስም፥ ቀበሌና የተነጋገሩበትን ቀን ካልመዘገበ ሥራው ይነቀፋል። የግእዝ ቃል የፈቱለት ሊቅ ከዚህ ሽማግሌ የሚያንሱበት ምክንያት የለም። የቀድሞዎቹ ሰዎች በዚህ ረገድ ይሻሉ ነበር። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ዕውቀቱን ከማን እንደ ተቀበለ አልደበቀም። በአገር ውስጥም በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፥ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያስፋፉት፥ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት ያበቁት መሆኑ የታወቀ ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሠርቶ የማንም ስም አልጠፋም።

ስለ ትርጕሙ ቋንቋ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተማሪው ግእዙን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከል በልቡ ወይም በደብተሩ ዐማርኛ አለ። ይህ ዐማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለግእዙ የቀረበና የተማሪው ዕውቀት በእውነት የሚታይበት ሆኖ ሳለ፥ ሥራው ሲጠረዝ ይጣላል። በገድሉ መጨረሻ የሚገኘው መልክዕማ ዕድሉ የከፋ ነው፤ ቤት እየመታ በአምስት በአምስት ስንኝ የሚሄደው ውዳሴ በእንግሊዝኛ ዝርው ይሆንና ግጥም መሆኑ እንኳ ይረሳል። የእንግሊዝኛው አስፈላጊነት አይካድም፤ የውጭ አገር ፈታኝና አንባቢ አሉና። ነገር ግን የዐማርኛው ረቂቅ ከጽሑፉ ጋራ ተያይዞ ቢቀርብ የወረቀት ዋጋ ከመጨመር በቀር ጉዳት የለውም፤ ፈታኙም ስሕተቱ ግእዙን ካለመረዳት ይሁን እንግሊዝኛን ካለመቻል ለይቶ ያውቅበታል።

የአንድ አማካሪ ዐቅም ደግሞ ውሱን ነው። ፍትሐ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝኛ ሲታተም ከግእዙ የተረጐሙት አባ ጳውሎስ ጻድዋ፥ አዘጋጁ ደግሞ የሕግ ሰው የነበረው ፒተር ስትራውስ ነበሩ፤ የሁለቱም ስም በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ለመመረቂያ የሚሠራ ገድልም ግእዙን የሚያይ አንድ ሰው፥ የተተረጐመበትን ቋንቋና የዘመኑን ታሪክ የሚያይ ሌላ ሰው ቢመደብለት ይገባዋል። የግእዙ ተመልካች ዲግሪ የሌላቸው የመጻሕፍት መምህር ቢሆኑ ደንቡ ይከለክል ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ በፈተናው ቀን ተገኝተው ከብራናው አንዱን ገጽ ገልጠው ተማሪውን «ይህን አንብብና ፍታ» እንዲሉት መፍቀድ ይቻላል።