«የት ተማርህ?» ስለሚለው ጥያቄ

ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙና አገሩ ነበር። ዛሬ ግን ከዩኒቨርስቲ የወጣ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ ደጅ በቀረበ ጊዜ ከሁሉ በፊት «የት ተማርህ?» ይባላል። ጥያቄው በራሱ ክፉ ነው አልልም። ክፉ የሚሆነው ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው የተነሣሁት ይህንኑ ልማድ ነው።

ነገሩን ያስነሣብኝ በይምርሐነ ክርስቶስ በዓል ቀን ያጋጠመኝ ነው። ከላሊበላ ተነሥተን ተራራውን ወጥተን ከዋሻው ደጅ ደረስን። ከቅዳሴ በኋላ ከጽዱ ጥላ ሥር ዐረፍ እንዳልን ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ መጥተው እጅ ነሡኝ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የሒሳብ አያያዝ ተምሮ የወጣ ነው። ሁለተኛይቱ ያንኑ ትምህርት ከአዳዲሶቹ ዩኒቨርስቲዎች በአንዱ ተምራለች። እኔ ባስተማርኋቸው ዘመን በሒሳብ እርሷ ትበልጠው ነበር፤ ይህንንም እርሱ አይክድም። ሁለቱም ለአንድ ክፍት ቦታ ማመልከቻ አስገብተው ኖሮ፥ እርሱ ለፈተና ተጠራ፤ እርሷን ግን ወረቀቷን የተቀበለው ሰው የዩኒቨርስቲዋን ስም አይቶ «ከዚያ የመጣ አንቀበልም» ብሎ መለሳት።

«መምህር፥» አለችኝ፥ «ተፈትኜ ብወድቅ ባልከፋኝ። ግን ማን ፈተነኝ?»

መልስ አጣሁ። ልጁም ዐንገቱን ደፋ።

መልስ ያጣሁት ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ አልነበረም፤ በራሴ ላይ ስለማውቀው ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በ1966 ዓ.ም. ዐሥረኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ፥ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ። ከእኔ ጋር የቀረበው በዋድላ ቅኔ ተምሮ፥ በኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ማታ ማታ ሲማር የቈየ ዲያቆን ነበር። ሹሙ የእኔን ወረቀት ገልጦ የሚሲዮኑን ማኅተም ባየ ጊዜ «እነዚህ እንግሊዝኛ ያውቃሉ» አለና ቀጠረኝ። የዲያቆኑን ወረቀት አልገለጠውም።

በዚያ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የሚጻፍ አንድም ደብዳቤ አልነበረም። በአማርኛ የሚጻፈውን ደግሞ እኔ በወጉ አልችለውም። ስለዚህ ረቂቄን በጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ ማታ ማታ ወደዚያው ዲያቆን ቤት እየሄድሁ አሳርም ነበር። ደመወዙን እኔ በላሁ፤ ሥራውን እርሱ ሠራ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እኔም ይህን ነገር እስካሁን ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ የትምህርት ቤት ስም ለእንጀራ ይረዳልን? ብለህ ብትጠይቀኝ፥ ይረዳል እልሃለሁ፤ በልቼበታለሁና። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮችን እንለይ። ስም ደጅን ይከፍታል ማለት አንድ ነገር ነው። ስም ሠራተኛን ይሠራል ማለት ግን ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት በአሜሪካ አገር የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፥ በ1976 ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎችን ተከታትለዋል። በዚህም ውስጥ በተመሳሳይ ታላላቅ ኮሌጆች ዘንድ ተቀባይነት ካገኙት መካከል ስመ ጥሩውን የመረጡትንና ትቶ ወደ ሌላው የሄደውን አስተያዩ። የሁለቱ ወገን ደመወዝ በአመዛኙ አልተለያየም። ከዚህም የምንረዳው፥ በስመ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ብዙ ሲያገኝ ብናይ፥ ቀድሞም በገባበት ጊዜ ጐበዝ ሆኖ እንደ ገባ ነው። ነገር ግን ከዚህ ደንብ የወጣ አንድ ወገን አገኙ፤ እርሱም የድኻ ልጅ ነው። ለድኻ ልጅ የትምህርት ቤቱ ስም በእርግጥ ጠቅሞታል። የባለጸጋ ልጅ የአባቱ ወዳጆች ደጅ ይከፍቱለታል፤ የድኻ ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ ስም በቀር የሚያስተዋውቀው የለውም።

በ2023 ደግሞ ራጅ ቼቲ፥ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን የአሜሪካን ዐሥራ ሁለት እጅግ ስመ ጥሩ ኮሌጆች መርምረው ነበር። በእነዚያ መማር በአማካይ ደመወዝ ላይ ብዙ ለውጥ እንዳላመጣ አገኙ። በታላላቅና በተከበሩ ድርጅቶች የመቀጠርን ዕድል ግን በሦስት እጥፍ ያህል ከፍ አድርጎት ተገኘ። እንግዲያስ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ወደ ጠባቡ በር ነው ማለት ነው።

ቀጣሪውንም ያለ ፍርድ አልኰንነውም። ለአንድ ቦታ ብዙ መቶ ማመልከቻ ሲመጣ፥ ሁሉን ጠርቶ ለመፈተን ጊዜም ገንዘብም ያጥረዋል። ማይክል ስፔንስ የተባለው ምሁር በ1973 እንዳስረዳው፥ ቀጣሪ የሠራተኛውን ችሎታ ከመቅጠሩ በፊት ሊያይ ስለማይችል፥ ምልክት ፈልጎ በምልክቱ ይፈርዳል፤ የምስክር ወረቀትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ለዚህና ለመሰለው ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስለዚህ ቀጣሪው ስምን እንደ ወንፊት መያዙ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ወንፊት ዱቄቱን ከገለባው ካልለየ፥ ቢያፈጥንም ምን ይጠቅማል? ጥያቄው የዩኒቨርስቲዎቻችን ስም ዛሬ በእርግጥ ይለያልን? የሚለው ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት በአገሩ ሌላ አቻ አልነበረውም። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተባለ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያዘ። በእነዚያ ዘመናት ከዚያ የወጣ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራ ራሱ ይፈልገዋል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የትልልቅ መሥሪያ ቤቶቻችን ሹማምንት ግን ብዙዎቹ ከቀደሙት ጥቂቶች የወጡ ስለ ሆኑ፥ ዓይናቸው የለመደውን ስም ይፈልጋል። ይህ ምዘና አይደለም፤ የአብሮ አደግ ፍቅር ነው።

ደግሞም በእኛ አገር አብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርስቲውን ራሱ ሙሉ በሙሉ መርጦ አይገባም። ምርጫውን ይጽፋል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱንና የቦታውን ብዛት እየተመለከተ ሲመድበው ኖሯል። የላስታ ልጅ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ፥ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይመደባል። ስለዚህ በዲግሪው ላይ ያለው ስም የሚናገረው ስለ ልጁ ብቻ አይደለም፤ ስለ ምደባውም ነው። በተለይ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ጥብቅ ሆኖ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጠባብ ወንፊት አልፎ የመጣውን ልጅ፥ ስሙ ያልታወቀ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ተመድቧል ብሎ መናቅ የሰውን ድካም አለማወቅ ነው።

የእኛ አካባቢ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። ወልድያ ዩኒቨርስቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በመጣ ጊዜ፥ እርሱም የደሴው የወሎ ዩኒቨርስቲም ተዘረፉ፤ ዕቃቸውም ተሰባበረ። በዚያ ዘመን የተማረ ልጅ ትምህርቱ ተቋርጦበት፥ ቤተ ሙከራው ባዶ ሆኖ ጠብቆት፥ እንደገና ጀምሮ ጨርሷል። እኔ ቀጣሪ ብሆን እንዲህ ያለውን ልጅ «ከዚያ የመጣ» ብዬ ከመመለስ ይልቅ፥ ያን ሁሉ አልፎ እንዴት እንደ ጨረሰ ልሰማ አስቀድሜ በጠራሁት ነበር።

አንዳንድ ሰው «ስም የሚያመጣው የፈረንጅ ልማድ ነው» ይላል። አይደለም። አባቶቻችንም የትምህርት ቤትን ስም ያውቁ ነበር። ድጓ የተማረ ሰው በሌላ ስፍራ ቢጨርስም ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር ሆኖ አይቈጠርም ነበር። ዝማሬና መዋሥዕት ከዙር አምባ፥ አቋቋም ከጐንደር ነው። የቅኔም ነገር ሲነሣ ጐረቤታችን ዋድላ ስሙ ይጠራል። የቤተ ልሔም ተመስካሪ መጣ ሲባል ደብሩ ተደስቶ ይቀበለው ነበር።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፥ የቤተ ልሔም ስም የከበረው ቦታው ቤተ ልሔም ስለ ሆነ አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ቃል በቃል፥ ምልክት በምልክት ሳይፈትን ስለማይሰድድ ነው። ማስመስከር የሚለው ቃል ራሱ ፈተናን በውስጡ ይዟል። ሁለተኛ፥ ያ ሰው ወደ ደብሩ ከመጣ በኋላ በስሙ ተከብሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በበዓል ዋዜማ ከማኅሌት ቆሞ ያዜማል፤ የዋድላው ሰው በሊቃውንቱ ፊት ቅኔውን ይዘርፋል። ቢሳሳት ሁሉ ይሰማዋል። ከማይታወቅ ስፍራ የመጣውም እንግዳ ዕድል ተሰጥቶት ቅኔው ከተወደደለት «የት ተማርህ?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚባለውም በአድናቆት ነው። እኛ የአባቶቻችንን ጥያቄ ይዘን ፈተናውን ጣልነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመራቂዎች ሁሉ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ጉድለት በከፊል ሊጠግን ይችላል። የአንጋፋውም የአዲሱም ዩኒቨርስቲ ተማሪ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣልና። ቀጣሪዎች ከዩኒቨርስቲው ስም በፊት ይህን ውጤት ቢመለከቱ፥ ቀጥሎም ለሥራው የሚስማማ አጭር ፈተና ቢሰጡ፥ ብዙ ወጪ ሳያወጡ ብዙ በደል ባስቀሩ ነበር። ሆኖም የመውጫ ፈተናም ቢሆን መጽሐፋዊ ዕውቀትን እንጂ ታማኝነትንና ትጋትን አይመዝንም። እነዚህ በሥራ ላይ ብቻ ይታያሉ።

አሁን ለሦስት ወገን ጥቂት ምክር ሰጥቼ ልጨርስ።

ስመ ጥር ዩኒቨርስቲ የተማርህ ልጄ ሆይ፥ ስሙ የአንተ አይደለም፤ ከአንተ በፊት የነበሩት አክብረው ያስቀመጡልህ አደራ ነው። ተበድረህ የለበስኸው ሸማ ስለ ሆነ እንዳታሳድፈው ተጠንቀቅ። በእርሱ ደጅ ሲከፈትልህ፥ ከደጅ የቀረውን አትርሳ።

ስሙ ባልታወቀ ዩኒቨርስቲ የተማርሽ ልጄ ሆይ፥ ዓለም ትክክል ናት ብዬ አላታልልሽም። አንቺ ከሌላው ይልቅ ብዙ ደጅ ማንኳኳት ይጠብቅሻል። ቢሆንም ሙያሽን የሚያሳይ ሥራ በእጅሽ ይዘሽ ቅረቢ፤ ትንሽ ሱቅም ቢሆን ሒሳቡን አጥርተሽ ያዢና ባለቤቱ ይመስክርልሽ። እርሱም አንድ ማስመስከር ነው።

በደጁ የተቀመጥህ ሹም ሆይ፥ አንተን ግን አጥብቄ እናገርሃለሁ። ከላይ እንዳየነው ስም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለድኻ ልጅ ነው። ስሙን ያላገኘውን ድኻ ሳትፈትን ስትመልስ፥ አባቱ ደጅ የማይከፍትለትን ሰው ያንተንም ደጅ ትዘጋበታለህ። መሥሪያ ቤትህም ሳይቀር እንደ እኔ ያለውን ጸሐፊ ቀጥሮ እንደዚያ ያለውን ዲያቆን ያጣል።

በዚያ በዓል ቀን ከልጆቹ ጋር ወደ ዋሻው ተመልሼ ገብቼ ሕንፃውን አየሁት። አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተነባበረ በአክሱም ሥርዓት የተሠራ ነው፤ ከላሊበላ ፍልፍሎች በፊት ቆሞ እስከ ዛሬ አልተናጋም። ያሠራው ንጉሥ ስሙ ይጠራል። እንጨቱን ከድንጋዩ ያጋጠሙት ጠራቢዎች ስማቸውም የተማሩበትም አልታወቀም፤ ሥራቸው ግን እነሆ።

ልጅቱ ለጠየቀችኝ ጥያቄ የዚያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ስለ ዲያቆኑ የነገርኋት ቍልቍለቱን ስንወርድ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያኔ ለሹሙ ለምን አልነገሩትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ልናገረው የሚገባኝን ከሃምሳ ዓመት በኋላ እነሆ ጻፍሁት፤ ወረቀቱን ግለጡት።