«ነጭ ሽንኩርት» ሲባል የትኛው? ስለ አሊሲንና ስለ ኮሌስትሮል ጥናቶች የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በ2007 በአሜሪካ «አርካይቭስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲስን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ጥናት ነው። ጸሐፊዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ስድስት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጉዳዩም ነጭ ሽንኩርት የደምን ኮሌስትሮል ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነጭ ሽንኩርት ለምንም አይበጅም የሚሉ ሰዎች ይህን ጥናት እንደ ፍርድ ወረቀት ያነሡታል፤ ይበጃል የሚሉት ደግሞ የተሳሳተ ፈተና ነው ብለው ይነቅፉታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ጽሑፉን በሚገባ አላነበቡትም።

ነገሩን ለመረዳት ከኬሚስትሪው መነሣት ያስፈልጋል። ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ እምብዛም አይሸትም። በውስጡ አሊኢን የሚባል፥ ድኝ ያለበት ሽታ የለሽ አሚኖ አሲድ አለ፤ አሊኢኔዝ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ በዚያው ፍሬ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል። ፍሬው ሲወቀጥ ወይም ሲታኘክ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ወዲያውም አሊሲን ይፈጠራል። እናቶቻችን በሙቀጫው ላይ ዘነዘና ባነሡ ቁጥር የሚሸተን ይኸው ነው። አሊሲን ስድስት የካርቦን፥ ዐሥር የሃይድሮጅን፥ አንድ የኦክሲጅንና ሁለት የድኝ አቶሞች ያሉበት ውሁድ ሲሆን፥ ጠባዩ ያልረጋ ስለሆነ እየቆየ ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ይለወጣል። ፍሬው ሳይወቀጥ ቢቀቀል ኤንዛይሙ በሙቀት ይበላሻል፤ እንደ ጨጓራ ያለ ብርቱ አሲድም ሥራውን ያግድበታል። እንግዲህ አሊሲን በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ ሳይሆን ከነጭ ሽንኩርት የሚሠራ ነገር ነው። (የቀይ ሽንኩርት ነገር ለብቻው ነው፤ እርሱ የአሊኢን የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ውሁድ አለው፤ ከዚያም ዐይናችንን የሚያስለቅሰው ተን ይወጣል።)

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች ከ4 ኪሎግራም ነጭ ሽንኩርት 6 ግራም ያህል ዘይት አውጥተው ባክቴሪያን እንደሚገታ አሳዩ፤ አሊሲን የሚለውንም ስም ሰጡት። በ1948 ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ስቶልና ዜቤክ የአሊሲን መነሻ አሊኢን መሆኑን ገለጡ። ከዚያ ወዲህ «በነጭ ሽንኩርት ውስጥ አሊሲን አለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲህ የሚጽፍ ግን ዛሬም አልጠፋም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በ1993 አምስት የሕክምና ፈተናዎችን ያጠቃለለ ጽሑፍ ነጭ ሽንኩርት ጠቅላላውን ኮሌስትሮል በመቶ 9 ያህል ይቀንሳል አለ። በማግሥቱ ዓመት 16 ፈተናዎችን የሰበሰበ ሌላ ጽሑፍ ቁጥሩን ወደ 12 ከፍ አደረገው። የክኒን ነጋዴዎች ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ሊያገኙ አይችሉም ነበር። ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በተለይም በ1998፥ በጥንቃቄ የተካሄዱ ፈተናዎች ምንም ለውጥ ሳያሳዩ ቀሩ። ከነዚህ አንዱ በጀርመን አገር የተደረገ ሲሆን የተፈተነው በእንፋሎት የተጣራ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ነበር። በእንዲህ ያለ ዘይት ውስጥ አሊሲን የለም፤ በሙቀቱ ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ተለውጧል። ቢሆንም ውጤቱ በየቦታው የተነገረው «ነጭ ሽንኩርት አይሠራም» ተብሎ ነው።

ለዚህ ግራ መጋባት በ2001 አንድ ማራኪ ማብራሪያ ቀረበ። ላሪ ሎሰን የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፥ በብዙዎቹ ፈተናዎች የተሰጠውን ክዋይ የተባለ የጀርመን ክኒን ጨጓራንና አንጀትን በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ እየከተተ መረመረ። መልካም ውጤት ባሳዩት ፈተናዎች ዘመን የተሠሩት አሮጌዎቹ ክኒኖች ሊያስገኙት ከሚችሉት አሊሲን በመቶ 44 ሲለቁ አዲሶቹ የለቀቁት በመቶ 15 ብቻ ሆነ። ታዲያ የቀድሞዎቹ የተሳካላቸው፥ የኋለኞቹ ያልተሳካላቸው ስለዚህ ነው ተባለ። እኛም ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ስናነብ ክርክሩ አለቀ ብለን ነበር።

የ2007ቱ ጥናት ዋጋ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሎሰን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው፤ የነጭ ሽንኩርትን ኬሚስትሪ በመመርመር የታወቀው ኤሪክ ብሎክም አብሮ አለበት። ማለትም ክኒኑን የወቀሰው ሰው ክኒኑን ወደ ጎን ትቶ ጥሬውን ነጭ ሽንኩርት ለመፈተን ተነሣ። ኤል.ዲ.ኤል. የተባለው የኮሌስትሮል ዓይነት በደማቸው ውስጥ በዴሲሊትር ከ130 እስከ 190 ሚሊግራም የሆነ 192 ጎልማሶች በአራት ተከፈሉ፦ አንደኛው ክፍል ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በሳንድዊች፥ ሁለተኛው የዱቄት ክኒን፥ ሦስተኛው ረጅም ጊዜ ተዘፍዝፎ የቆየ ጭማቂ፥ አራተኛው መድኀኒት የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። መጠኑ 4 ግራም በሚመዝን አንድ ፍሬ ልክ ሆኖ በሳምንት 6 ቀን ለ6 ወር ቆየ። የሚሰጠውም ነገር ኬሚካዊ ይዘቱ እንዳልተለወጠ እስከ ፍጻሜው ድረስ ይመረመር ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ይህን አላደረጉም።

ውጤቱ የሚከተለው ነው። ኤል.ዲ.ኤል. በጥሬው ክፍል በ0.4፥ በዱቄቱ በ3.2፥ በጭማቂው በ0.2 ሚሊግራም ጨመረ፤ በማስመሰያው ክፍል በ3.9 ቀነሰ። ልዩነቱ ሁሉ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አያልፍም።

በዚህ ጥናት ላይ የሚሰነዘረው አንደኛው ነቀፋ የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ከበላተኛው ሊሰወር አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ነቀፋው ለነቃፊዎቹ አይረዳም። ምን እንደበላ የሚያውቅ ሰው ይሻለኛል ብሎ ተስፋ ቢያደርግና አመጋገቡን ቢያሳምር ውጤቱ ወደ ነጭ ሽንኩርት ያዘነብል ነበር እንጂ ከእርሱ አይርቅም ነበር። ሁለተኛው ነቀፋ የሰዎቹ ቁጥር አነሰ የሚለው ነው። ይህንንም ራሳችን ለማስላት ሞክረናል። በየክፍሉ 48 ያህል ሰው እንዳለ ቆጥረን የተሰጡትን የመበታተን ልኮች ብንወስድ፥ ጥሬው ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር ቢበዛ 3 ሚሊግራም ያህል ቅናሽ ተሰውሮ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የበለጠውን ግን ቁጥሩ አይቀበለውም። በ2013 39 ፈተናዎችን የሰበሰበ ጽሑፍ፥ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባለ ሰዎች ዘንድ ነጭ ሽንኩርት ከሁለት ወር በላይ ከተወሰደ ኤል.ዲ.ኤል. በ9 ሚሊግራም ይቀንሳል ብሏል። ሁለቱን በቀላሉ ማስታረቅ አይቻልም። ምረጡ ብንባል፥ ዱቄቱን፥ ዘይቱንና ጭማቂውን «ነጭ ሽንኩርት» በሚል አንድ ስም ከሚደምረው ይልቅ የሰጠውን ነገር ለክቶ የሚያውቀውን እናምናለን።

ጥናቱን የምንነቅፍበትም አለን። ጥናቱ ያረጋገጠው አንድ ፍሬ፥ ለ6 ወር፥ መጠነኛ ኮሌስትሮል ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ባክቴሪያ አንዳች የሚነግረን የለም። ይህን ጸሐፊዎቹ አልደበቁም፤ የደበቁት ጠቃሾቻቸው ናቸው።

የታሪኩ አስገራሚ ክፍል የመጣው በ2018 ነው። ሎሰን ከሀንሴከር ጋር ሆኖ 13 ሰዎች ልዩ ልዩ የነጭ ሽንኩርት ክኒኖችንና ምግቦችን ከበሉ በኋላ በትንፋሻቸው የሚወጣውን አሊል ሜቲል ሰልፋይድ የተባለውን የድኝ ውሁድ እስከ 32 ሰዓት ድረስ ለካ። አሊሲን ራሱ ሰው ከበላው በኋላ በደም ውስጥ ስለማይገኝ በዱካው ካልሆነ በቀር አይከተሉትም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ በመቶ 15 ብቻ ይለቅቃል የተባለው ክዋይ በሰው ሆድ ውስጥ ከተወቀጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር ሲነጻጸር በመቶ 80 ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የ2001ዱ ማብራሪያ በራሱ ባለቤት እጅ ፈረሰ፤ በክኒኑ የተደረጉት ፈተናዎችም ጥሬውን እንደፈተኑ ይቆጠራሉ ማለት ነው። ሰው የገዛ መላ ምቱን ሁለት ጊዜ ለፈተና አቅርቦ ሁለቱንም ጊዜ ሲረታ ጽፎ ማውጣቱን እንደ ሽንፈት የሚያይ ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም።

በዚሁ ጥናት የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት በመቶ 16፥ የተጠበሰው በመቶ 30 ሰጥቷል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ወጣችን የሚፈርድ ሊኖር ይችላል፤ ይሁን እንጂ በእኛ ማዕድ ቤት ነጭ ሽንኩርቱ ወደ ድስቱ የሚገባው ተወቅጦ ነው። ከእሳቱ በፊት ኤንዛይሙ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ አሊሲኑ ከቁሌቱና ከቅቤው ጋር ሲንተከተክ ወደ ምን እንደሚለወጥ ደግሞ ከላይ ያነሣናቸው ፈተናዎች አልጠየቁም። ስለዚህ የስታንፎርዱ ሳንድዊች ዶሮ ወጥን ሊከስሰውም ጠበቃ ሊሆነውም አይችልም።

እኛም ከስሕተቱ ነጻ አይደለንም። በመጀመሪያ ዓመት ልምምዳችን ሙሉ ፍሬዎችን በፈላ ውሃ ቀቅለን፥ ጨምቀን፥ ውሃውን ባክቴሪያ በተዘራበት ሳሕን ላይ አንጠባጥበን ነበር። በጠብታው ዙሪያ ምንም ዓይነት የጠራ ቀለበት አልታየም። «ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን አይገታም» ብለን ጻፍን፤ ከመምህራችን ዘንድም ጥሩ ማርክ አገኘን። ደብተሩ አሁንም በእጃችን አለ። ውጤቱን አልሰረዝነውም፤ ርእሱን ግን «ሳይወቀጥ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ውሃ» ብለን አርመነዋል።