ጩኸትና ዜማ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመጠለያችን ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ያቀረበውን ዝግጅት ተከታትለናል። ጊታሩና ከበሮው ደምቀዋል፤ የድምፃዊው ጉሮሮ ግን በሦስተኛው ዘፈን ተዘጋ። ሂሳችን እዚህ ላይ ነው።

ወጣቱ አርአያው አለማየሁ እሸቴ ነው፤ ምርጫው አያስነቅፍም። በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠራው አለማየሁ (1933–2013 ዓ.ም.) የኤልቪስንና የጄምስ ብራውንን ስልት ከአማርኛ ጋር ሲያዋህድ፣ ሲጮህ እንኳ ቃሉ ይለያል። የእኛው ወጣት ጩኸቱን እንጂ አተነፋፈሱን አልወሰደም።

ትንፋሽ ከሆድ ይሳብ፤ ከበሮው ዝቅ ይበል፤ በዚህ በፋሽጋ አቧራ ውኃ አይለይ፤ የሻከረ ጉሮሮ ይረፍ።

እናቶች የመጡት የአገራቸውን ቃል ሊሰሙ ነበር፤ ሳይሰሙ ተመለሱ። ድምፁ የእርሱ ብቻ አይደለም። ድኖ ሲመለስ ከፊት እንቀመጣለን።